ፕሊከርስ፦ አንድ ስልክ፣ አንድ ቁልል ወረቀት፣ ሙሉ ክፍል

ፍርዴን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ፤ ጽሑፍ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ የሌለው አስተማሪ ብዙ ነው። ክፍል ውስጥ ከተጠቀምኩባቸው አፖች አንዱን ብቻ ያዝና ሌላውን ተው ብባል የምይዘው ፕሊከርስን ነው። አፑ ስለሚያምር አይደለም፤ እንደውም መልኩ ተራ ነው። ተማሪዎቹ እጅ ላይ ስልክም ታብሌትም ሳይኖር፣ እያንዳንዳቸው ምን እያሰቡ እንደሆነ በደቂቃ ውስጥ ስለሚያሳየኝ ነው። ግን አንድ ነገር አብሬ ልንገራችሁ፦ የሚጠቅመው የምታቀርቡለት ጥያቄ የጠቀመውን ያህል ብቻ ነው። ጥያቄው ደካማ ከሆነ አፑም ከንቱ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ካርዶቹን ከድረ ገጹ በነፃ አውርዳችሁ ታትማላችሁ። እያንዳንዱ ካርድ ላይ ኪውአር ኮድ የሚመስል፣ ግን ከሱ በጣም ቀለል ያለ ጥቁር ቅርጽ አለ። ካርዱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ የአንድ ተማሪ ነው። በቅርጹ አራት ጎኖች ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ በጥቃቅን ፊደል ተጽፈዋል። መልሴ ሲ ነው ያለ ተማሪ ሲ ያለበትን ጎን ወደ ላይ አዙሮ ካርዱን ከፍ ያደርጋል። እናንተ የስልካችሁን ካሜራ ከክፍሉ ጥግ እስከ ጥግ ቀስ አድርጋችሁ ትወስዱታላችሁ። አፑ የማን ካርድ እንደሆነ ይለያል፣ የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደሆነ ያነባል፣ ከስሙ ጋር ያገናኘዋል። የመለሰው በአረንጓዴ፣ የሳተው በቀይ ስልካችሁ ላይ ይመጣል። አለቀ።

ልጆቹ እንዳይኮራረጁ የታሰበበት ነገር ደስ ይላል። የሁሉም ካርድ ቅርጽ የተለያየ ነው። ስለዚህ የጎረቤትህ ካርድ እንዴት እንደተያዘ ብታይ ያንተን እንደዚያ ማዞር ምንም አይጠቅምህም። ፊደላቱም በጣም ትንንሽ ስለሆኑ ከኋላ ዴስክ ማንም አያነባቸውም። ቆርጦ የተነሳ ኮራጅ መንገድ አያጣም፤ ግን አፉን ከፍቶ መጠየቅ ይኖርበታል፣ ያ ደግሞ ይሰማል።

አሁን ይሄ ምን ይጠቅማል? እያንዳንዱ አስተማሪ የሚያውቀው ድራማ አለ። አስረድተህ ስትጨርስ «ገባችሁ?» ትላለህ። «አዎ!» ይላል ክፍሉ በአንድ ድምፅ። ጥያቄ ስትጠይቅ ያው የሚታወቁት እጆች ይወጣሉ፣ አንዱ ይመልሳል፣ አንተም ረክተህ ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ። የቀሩት ምን እያሰቡ ነበር? ፈተና ሲታረም ታውቀዋለህ። ያኔ ደግሞ ርዕሱ አልፏል። ፕሊከርስ የሚሰብረው ይሄን ነው። ዝም የሚለው ልጅ፣ ስሙ ሲጠራ አንገቱን የሚደፋው፣ ሁሌ የሚያወራው፣ ሁሉም እኩል አንድ ካርድ ያነሳሉ። የማይናገር ልጅ ሐሳብ አለው፤ እንዲያወጣው መንገድ ያጣ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፦ የተሳሳቱ ምርጫዎች። ብዙ ሰው ምርጫ ጥያቄ ሲያወጣ ትክክለኛውን መልስ ይጽፍና ሌሎቹን ሦስት ቦታዎች በሆነ ባልሆነው ይሞላቸዋል። በፈተና ወረቀት ላይ ይሄ ሊያልፍ ይችላል። እዚህ ግን ኪሳራ ነው። ቀይ ስም ሲመጣ «ይሄ ልጅ ስቷል» ብቻ ሳይሆን «ይሄ ልጅ እንዲህ አስቦ ነው የሳተው» ማለት መቻል አለባችሁ። ለዚያ ደግሞ እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ከአንድ የታወቀ የአስተሳሰብ ስህተት የመጣ መሆን አለበት።

ምሳሌ ላምጣ። የአስርዮሽ ቁጥር ትምህርት ላይ ናችሁ እንበል። «ከ0.6 እና ከ0.45 የሚበልጠው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠየቃችሁ። አብዛኛው 0.6 አለ። ደስ አላችሁ። ቆይ ግን! ሁለት ዓይነት የተሳሳተ አስተሳሰብ አለ። አንደኛው ልጅ ከነጥቡ በኋላ ያለውን እንደ ሙሉ ቁጥር ያነበዋል፤ 45 ከ6 ስለሚበልጥ 0.45 ይላል። እሱ ይያዛል። ሁለተኛው ልጅ ደግሞ «አስረኛ ከመቶኛ ይበልጣል፣ ስለዚህ አጭሩ ቁጥር ሁሌ ትልቅ ነው» ብሎ ያምናል። እሱ 0.6 ብሎ በአረንጓዴ ያልፋችኋል! መልሱ ትክክል ነው፣ ሐሳቡ ግን ስህተት። አሁን ጥያቄውን ቀይሩት፦ ኤ 0.3፣ ቢ 0.45፣ ሲ 0.275፤ ትልቁ የቱ ነው? ኤ ያለው «አጭር ይበልጣል» ባዩ ነው። ሲ ያለው 275 ብሎ ያነበበው ነው። ቢ ያለው ወይ ገብቶታል ወይ ገምቷል። አንድ ጥያቄ፣ ሦስት የተለያዩ ልጆች፣ እያንዳንዳቸው የተለየ ማብራሪያ የሚያስፈልጋቸው። ስልኩ ላይ ከእነ ስማቸው ተደርድረው ታያቸዋላችሁ። ይሄን በባዶ እጅ፣ ተማሪ በበዛበት ክፍል፣ በደቂቃ ውስጥ ማወቅ አይቻልም።

ይሄ የምርጫ አወጣጥ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ሄስተንስ የሚባል የፊዚክስ ምሁርና ባልደረቦቹ ያወጡት የታወቀ የፊዚክስ መመዘኛ አለ፤ ስለ ኃይልና ስለ እንቅስቃሴ የሚጠይቅ፣ ቀመርና ስሌት የማይፈልግ፣ የተሳሳቱት ምርጫዎቹ ሆን ተብለው ከተማሪዎች የተለመደ የተሳሳተ እምነት የተወሰዱ። ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ስንት ነው? ብላችሁ ጠይቁ። «ዜሮ» የሚል ብዙ ታገኛላችሁ፤ ለቅጽበት ስለቆመ። ፍጥነቱ ዜሮ ነው፣ እውነት ነው። አክስለሬሽኑ ግን ያው 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ወደ ታች ነው፤ የመሬት ስበት ለእረፍት አይወጣም። ምርጫው ውስጥ ዜሮን ካላስገባችሁ ይሄ የተሳሳተ እምነት መኖሩን በጭራሽ አታውቁትም።

ካርዱን ካነሱ በኋላ ምን ታደርጋላችሁ የሚለው ደግሞ ሁለተኛው ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ላይ የብዙ አስተማሪ ችግር መልሱን ቶሎ መናገር ነው። ስካን አደረገ፣ ግራፉን አሳየ፣ «መልሱ ቢ ነው» አለ፣ ቀጠለ። እንዴ! እንዲህ ከሆነማ ካርዱ ለምን አስፈለገ?

ኤሪክ ማዙር የሚባል የሃርቫርድ የፊዚክስ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ያስፋፋው ዘዴ አለ። ጥያቄውን ታቀርባለህ። ሁሉም ለብቻው ያስባል፣ ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ መልሱን አትናገርም። በትክክል የመለሱት ከ30 በመቶ በታች ከሆኑ ትምህርቱን መድገም ይሻላል፤ ከ70 በመቶ በላይ ከሆኑ ባጭሩ አብራርተህ ታልፋለህ። መሐል ላይ ከሆነ ግን ያ ወርቅ ነው። «ከናንተ የተለየ መልስ ያለው ጎረቤት ፈልጉና አሳምኑት» ትላለህ። ክፍሉ ይንጫጫል። ከዚያ ድጋሚ ድምፅ። ያኔ ብቻ ማብራሪያ። ማዙርም መጀመሪያ አካባቢ የሚጠቀመው በእጅ የሚነሱ ካርዶችን ነበር፤ በየተማሪው እጅ የሚገቡት የኤሌክትሮኒክስ ቁልፎች በኋላ ነው የመጡት። ፕሊከርስ የሁለቱን ጥቅም አንድ ላይ ያመጣል፦ የወረቀቱን ርካሽነትና የኤሌክትሮኒክሱን መዝገብ።

ድጋሚ ድምፅ መስጠቱ ለምን ይሠራል ብትሉ፣ ክፍልፋይ መደመርን አስቡ። ግማሽ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ስንት ነው? ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው የሚደምረው ልጅ ሁለት አምስተኛ ይላል። አስተማሪው «አይደለም፣ የጋራ ታህት ፈልግ» ቢለው ሕጉን ይቀበላል፤ ነገ ይረሳዋል። ጎረቤቱ ግን «ሁለት አምስተኛ እኮ ከግማሽ ያንሳል! ግማሽ ላይ ጨምረህ እንዴት ነው ከግማሽ በታች የሆንከው?» ሲለው መልስ ያጣል። እዚያው ላይ ይሰበራል። እንዲህ ያለውን ክርክር ልጅ ለልጅ ሲያደርገው ያለው ጉልበት የአስተማሪ ማብራሪያ የለውም። አሁን የገባው ልጅ ያልገባው ጓደኛው የት ጋ እንደተያዘ ገና አልረሳም፤ እኛ አስተማሪዎች ግን ረስተነዋል።

ሌላ በጣም የምወደው አጠቃቀም ከሙከራ በፊት ማስገመት ነው። እዚህ ላይ ፔትን አብሬ ላነሳ። እ.ኤ.አ. በ2002 በኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን የተጀመረ፣ በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ ፕሮጀክት ነው። የሳይንስና የሒሳብ ሲሙሌሽኖችን በነፃ ይሰጣል፤ ብዙዎቹን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማስኬድ ይቻላል። የኤሌክትሪክ ዑደት መገጣጠሚያውን ክፈቱ። አንድ ባትሪ፣ በተከታታይ የተያያዙ ሁለት ተመሳሳይ አምፖሎች። አምፖሎቹን ከማብራታችሁ በፊት ካርድ አስነሱ፦ ኤ የመጀመሪያው ይበልጥ ይበራል፣ ቢ ሁለተኛው ይበልጥ ይበራል፣ ሲ እኩል ይበራሉ። ኤ የሚለው ወገን ይበዛል፤ የመጀመሪያው አምፖል ኮረንቲውን «በልቶ» ለሁለተኛው ትንሽ ያስተርፍለታል ብለው ነው የሚያስቡት። ካርድ ካነሱ በኋላ አምፖሎቹን አብሩ። እኩል ሲበሩ የሚሰማውን ጩኸት ስሙ! ሲሙሌሽኑን ብቻ ብታሳዩዋቸው ኖሮ «እሺ» ብለው ያልፉት ነበር። በካርድ አቋም ከያዙ በኋላ ግን ውጤቱ የራሳቸው ጉዳይ ይሆናል፤ አሸንፈዋል ወይ ተሸንፈዋል።

ባዮሎጂ ላይም እንዲሁ ነው። የአንድ ትልቅ ዛፍ ክብደት በአብዛኛው የመጣው ከየት ነው? ከአፈር፣ ከውኃ፣ ከአየር፣ ከፀሐይ ብርሃን? «አፈር» የሚለው ሁሌም ብዙ ደጋፊ አለው። ደረቁን እንጨት ካሰብን መልሱ አየር ነው፤ ካርቦኑ የመጣው ከአየሩ ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው። ከድምፁ በኋላ ታሪክ መንገር ትችላላችሁ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቫን ሄልሞንት የሚባል ሰው አንድ የአኻያ ችግኝ በተመዘነ አፈር ውስጥ ተክሎ ለ5 ዓመት ውኃ እያጠጣ ቆየ። ዛፉ ከ70 ኪሎ በላይ ጨመረ፣ አፈሩ ግን የቀነሰው ወደ 60 ግራም ገደማ ብቻ ነበር። ደግሞ የሚያምረው፣ ቫን ሄልሞንት ራሱ ከዚህ ተነስቶ ዛፉ ሙሉ በሙሉ ከውኃ ነው የተሠራው ብሎ ደመደመ። እሱም ካርድ ቢኖረው በልበ ሙሉነት ተሳስቶ ያነሳ ነበር ማለት ነው። ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ የራሳቸው ስህተት ትንሽ ይቀላቸዋል።

ትክክለኛ መልስ የሌለው ጥያቄም መጠየቅ ይቻላል፤ አፑ ላይ ያለ ማርክ የሚሄድ የአስተያየት ጥያቄ አለ። በክርክር ትምህርት፣ በታሪክ፣ በሥነ ጽሑፍ ይጠቅማል። «በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛው ማነው?» ብሎ መጀመርና ከውይይቱ በኋላ ድጋሚ መጠየቅ። ማን ሐሳቡን ቀየረ? ለምን? ይሄ ራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ይሞላል።

ስለ ዕቃው ራሱ ጥቂት ልበል። መደበኛው የካርድ ስብስብ 40 ነው፤ ክፍላችሁ ከዚያ ከበዛ እስከ 63 የሚደርስ አለ። ከዚያም ከበዛ ለሁለት ተማሪ አንድ ካርድ ስጡ። መጀመሪያ ላይ ማብቃቃት ይመስላል፤ ግን ጥንዶቹ ካርዱን ከማንሳታቸው በፊት መስማማት ስላለባቸው ክርክሩ በራሱ ይጀመራል። ወፈር ባለ ወረቀት አትሙ። የሚያብረቀርቅ ላሚኔት አታድርጉበት፤ ብርሃን ያንጸባርቅና ካሜራው ማንበብ ይከብደዋል። ካርዱን በየጊዜው ማደልና መሰብሰብ ከሰለቻችሁ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ በደብተሩ የኋላ ሽፋን ላይ ይለጥፈው። የካርዱን ቁጥር ከስም ዝርዝሩ ተራ ቁጥር ጋር አንድ አድርጉት፤ ሕይወት ይቀላል። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ጥቁሩን ቅርጽ በጣታቸው ይሸፍኑታል፣ ያን ጊዜ አይነበብም፤ በነጩ ጠርዝ እንዲይዙ አሳዩአቸው። የፊት ዴስኮች ዝቅ፣ የኋላዎቹ ከፍ ያድርጉ።

ፕሮጀክተር ካላችሁ ጥያቄውና ውጤቱ ግድግዳ ላይ ይታያል። ከሌላችሁ ግን አትተዉት! ጥያቄውን ከእነ ምርጫዎቹ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጻፉ። አፑ ውስጥ «ጥያቄ 1» ብቻ ብላችሁ መልሱን ምልክት አድርጉ። ካርዱ ጥያቄው የት እንደተጻፈ ግድ አይሰጠውም። ይሄ ዘዴ ሥዕል ላለው ጥያቄም፣ ረጅም ቀመር ላለው ጥያቄም ያገለግላል። ትየባ የሚባል ጣጣ የለም።

ፕሮጀክተር ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ማን ትክክል ማን ስህተት እንደሆነ በስም ለክፍሉ አታሳዩ። ጠቅላላውን ግራፍ አሳዩ፤ ስሙ በናንተ ስልክ ላይ ይቅር። ስሙ ግድግዳ ላይ ወጥቶ የተሳቀበት ልጅ ቀጥሎ ካርድ የሚያነሳው ጎበዙን አይቶ ነው። ሲመዘገቡም ሙሉ ስም አያስፈልግም፤ የመጀመሪያ ስም ወይም ቁጥር ይበቃል።

ድክመቱስ? አለ። ከአራት ምርጫ በላይ አይሄድም። ልጁ መልሱ ጋ የደረሰበትን መንገድ አያሳይም፤ ጽሑፍ፣ ስሌት፣ ሥዕል፣ ንግግር ያለበትን ነገር በዚህ መመዘን አይቻልም። የገመተና ያወቀ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ናቸው። ነፃው አገልግሎት በአንድ የጥያቄ ስብስብ ውስጥ የሚያስገባው ጥያቄ ውስን ነው፤ ከዚያ በላይ ለማግኘት ክፍያ አለው። እውነቱን ለመናገር ይሄ ገደብ ብዙም አይከብደኝም። በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሁለት ወይ ሦስት በደንብ የታሰበባቸው ጥያቄዎች ከበቂ በላይ ናቸው። ስብስቡን ከፋፍሎ መሥራትም ይቻላል። ለፈተና ልጠቀምበት የሚል ሰው ግን ይበሳጫል፤ ለፈተና ደግሞ መጀመሪያውኑ የሚመከር አይደለም። ማርክ የተያያዘበት ቀን ካርዱ እውነት መናገሩን ያቆማል። ልጆቹ የሚያስቡትን ሳይሆን ያዋጣል ያሉትን ያነሳሉ።

ከካሁት ጋር ማወዳደር አይቀርም። ካሁት እ.ኤ.አ. በ2013 ከኖርዌይ የወጣ በጣም ታዋቂ የጥያቄ ጨዋታ ነው። ሙዚቃው፣ ቀለሙ፣ ውድድሩ፣ ክፍሉን ያነቃቃል፤ ይሄን ማንም አይክደውም። ግን በተለመደው አጨዋወቱ እያንዳንዱ ተማሪ ወይም ቡድን መሣሪያና ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ነጥቡ ላይ ደግሞ ፍጥነት ይገባበታል። ፈጥኖ የነካ ይበልጣል። ለክለሳ፣ ለሳምንት መጨረሻ ደስታ፣ አሪፍ ነው። ቆም ብሎ ማሰብ ለሚፈልግ ጥያቄ ግን አይሆንም፤ ዘግይቶ በትክክል የሚያስበውን ልጅ ይቀጣዋልና። ፕሊከርስ ላይ የሚቸኩል የለም። ካርዱን አንስተህ፣ አይ ብለህ፣ ገልብጠህ ሌላ ምርጫ ማንሳት ትችላለህ፤ የመጨረሻው ነው የሚያዘው። ይሄ ማመንታት ራሱ ለሚያይ አስተማሪ ትልቅ መረጃ ነው።

«ታዲያ ለምን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ በማርከር የተጻፈበት ተራ ወረቀት አይበቃም?» የሚል ይኖራል። ይበቃል! ስልክ ከሌላችሁ ዛሬውኑ በእሱ ጀምሩ፤ ከጥቅሙ ግማሹን ታገኛላችሁ። የሚጎድለው ኩረጃ መከላከሉና መዝገቡ ነው። መዝገቡን ደግሞ አትናቁት። ማታ ቁጭ ብላችሁ ስታዩት «0.275» ያሉት ልጆች እነማን እንደሆኑ ታገኛላችሁ። ነገ ጠዋት ሙሉ ክፍሉን ከማሰልቸት፣ ሌላው መልመጃ ሲሠራ እነሱን ብቻ ወደ ሰሌዳው ጠርቶ ማስረዳት ይቻላል።

ሊሞክረው የፈለገ ሰው ካርድ ከማተሙ በፊት አንድ ነገር ይሥራ። የታረሙ የድሮ ፈተናዎችን ያውጣ፤ ልጆቹ ደጋግመው የሳቱትን ጥያቄ ይምረጥ፣ የጻፏቸውን የተሳሳቱ መልሶች ይሰብስብ። ቢ፣ ሲ እና ዲ እነሱው ናቸው።